ልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤልና የቁልቢ መንገድ

ከድሬዳዋ ቆላ ተነሥቶ ወደ ደንገጎ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። መንገዱ እየተጠመዘዘ ስለሚወጣ በመታጠፊያው ላይ የቆመ ሰው ከፊቱ ያለውን አያይም፤ ከኋላው ያለውንም ተራራው ይጋርድበታል። ከአፋፉ ላይ ወጥቶ ቁልቁል በተመለከተ ጊዜ ግን ያለፈበት መንገድ ሁሉ ወለል ብሎ ይታየዋል፤ የትኛው መታጠፊያ ወዴት እንዳደረሰውም ያን ጊዜ ይለያል። የሰውም ዕድሜ እንዲሁ ነው። ሰው ኑሮው የተለወጠበትን ቀን በቀኑ አያውቀውም፤ ካለፈ በኋላ ነው ዘወር ብሎ ያ ቀን እንዲህ ያለ ቀን ነበረ ብሎ ስም የሚያወጣለት። በስሙም አሰያየም የሰውዬው ልብ ይታወቃል።

ይህ ነገር በቅዱሳት መጻሕፍት ግልጥ ሆኖ ይገኛል። ያዕቆብ ከወንድሙ ቍጣ ሸሽቶ በሜዳ ባደረ ጊዜ ድንጋይ የተንተራሰ ስደተኛ ነበረ እንጂ የነገድ ሁሉ አባት መሆኑን አላየም። በነጋ ጊዜ ግን ያንኑ ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመው፤ ስእለትም ተሳለ፤ ስለዚህ የስደቱ ሌሊት የቤቴል ሌሊት ሆኖ ቀረ። ዮሴፍም በጕድጓድ ተጥሎ ለባዕድ የተሸጠበትን ቀን የተረጐመው በዚያው ቀን አይደለም። ብዙ ዘመን ካለፈ፥ ወንድሞቹም በረኀብ ተገፍተው ከፊቱ ከቆሙ በኋላ ነው፤ ሊበቀል ሲችል ስለ ማረ የመከራው ቀን የመዳን መጀመሪያ ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፥ ዕድሜን የሚለውጥ ቀን ትርጓሜውን ይዞ የማይመጣ መሆኑ ነው፤ ትርጓሜውን የሚሰጠው ሰው ከዚያ ቀን በኋላ የሚሠራው ሥራ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሻ የቢዮ አዋሌ ምእመን ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በዚህ አገር በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀንና ሐምሌ 19 ቀን ሕዝብ ወደ ቁልቢ ቅዱስ ገብርኤል የሚተምበት መንገድ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ የተጻፈበት መንገድ ነው። ሰውዬውም ልዑል ራስ መኰንን ወልደ ሚካኤል ናቸው። ሹመታቸው፥ ስእለታቸውና ሞታቸው ከዚህ የሐረርጌ ደጋ ጋራ የተያያዘ ነው፤ ድሬዳዋም የተቈረቈረችው እርሳቸው ሐረርን በሚገዙበት ዘመን ነው።

ራስ መኰንን ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ ደረፎ ማርያም ከሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ወልደ መለኮት፥ እናታቸው የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ተናኘ ወርቅ ናቸው። በእናታቸው ወገን ለንጉሥ ምኒልክ የአክስት ልጅ ነበሩ። ምኒልክ ከመቅደላ እስር አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ፥ መኰንን የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ወስደው ለንጉሡ ሰጡአቸው። በቤተ መንግሥት ማደግ በዚያ ዘመን ለመኳንንት ልጅ የታወቀ ሥርዓት ነበረ፤ ነገር ግን ለልጁ ከእናት ቤት መለየት ማለት ነው። ያን ቀን የሚያየው ሰው ልጅ ከቤቱ ወጣ ይል ነበር እንጂ ከዚያ መውጣት የሚከተለውን ማንም አላወቀም። መኰንን በታማኝነታቸውና በዝግታቸው በንጉሡ ዘንድ ተወደዱ፤ ከፍ ያለ ነገር በመጣ ቍጥርም ንጉሡ የሚያስቡት ስለ እርሳቸው ሆነ።

የመጀመሪያው ታላቅ መታጠፊያ በ1879 ዓ.ም. መጣ። ግብጾች ሐረርን 10 ዓመት ያህል ከያዙ በኋላ በ1877 ዓ.ም. ለቀው ሲወጡ አሚር አብዱላሂ በአገሩ ላይ ነግሠው ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ሠራዊታቸውን አስከትተው ዘመቱ፤ በልደት በዓል ሰሞን በጨለንቆ ላይ ጦርነት ሆነና የአሚሩ ሠራዊት ተሸነፈ። ንጉሡ ወደ ሐረር ገብተው አገሩን በሰላም ካስያዙ በኋላ መኰንንን ገዥ አድርገው ሾሙአቸው፤ መኰንንም በዚያን ጊዜ 34 ዓመታቸው ነበረ።

በዚህ ስፍራ ታሪክን የሚያነብ ክርስቲያን ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ያ የጥር መባቻ ለአንዱ የሹመት ቀን ነበረ፤ ለሌላው ግን የኀዘን ቀን። በጨለንቆ የወደቁት የሐረርና የኦሮሞ ሰዎች እናት፥ ሚስትና ልጅ ነበራቸው፤ በእነርሱም ቤት ያ ቀን እስከ ዛሬ ድረስ በእንባ ይነገራል። ከድሉም በኋላ በሐረር ከተማ በግብጾች ዘመን መስጊድ የነበረው ስፍራ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ይህም ለአንዱ ወገን እልልታ፥ ለሌላው ወገን ቍስል ሆኖ ኖረ። አንድ ቀን ሁለት ታሪክ አለው። የራሱን መታጠፊያ ሲተርክ የጎረቤቱን መታጠፊያ የሚረሳ ሰው ታሪኩን አጕድሎ ይተርካል፤ እውነተኛ ምስክር ግን ሁለቱን አንድ ላይ ይይዛል።

መኰንን ይህን ያወቁ መሆናቸው ከአገዛዛቸው ይታያል። ሐረር የንግድ ከተማ ነበረች፤ ዐረቡ፥ ሕንዱ፥ አርመኑ፥ ግሪኩና ፈረንሳዊው ይነግድባት ነበር። ኋላ በቅኔው በዓለም የታወቀው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ እንኳ በዚያ ዘመን የሐረር ነጋዴ ነበረ፤ ከመኰንንም ጋራ የሒሳብ ጕዳይ ነበረው። መኰንን ነጋዴውን በዝግታ እየሰሙ፥ የውጭ አገሩን ሰው በትዕግሥት እየተቀበሉ አገሩን አስተዳደሩ። በውጭ ጸሐፊዎችም ዘንድ አስተዋይ ሰው ተብለው ተመሰገኑ።

ሁለተኛው መታጠፊያ በባሕር ማዶ ነበረ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ከኢጣልያ መንግሥት ጋራ ውል ከተደረገ በኋላ፥ ደጃዝማች መኰንን የመልእክተኞች አለቃ ሆነው ወደ ኢጣልያ ሄዱ። በዚያም የውሉን ተጨማሪ ተዋዋሉ፤ ለኢትዮጵያም 4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተፈቀደ፤ የብድሩም መያዣ የሐረር ጕምሩክ ነበረ። በዚያን ጊዜ ይህ ጉዞ የክብርና የወዳጅነት ጉዞ መስሎ ይታይ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የኢጣልያ መንግሥት በ17ኛው ክፍል ምክንያት ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብሎ ለአውሮፓ ነገሥታት ማስታወቁ ተሰማ። በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈቅዱ በኢጣልያ አማካይነት ይላላኩ ዘንድ የሚቻላቸው ሆኖ ሳለ፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተጽፎ ተገኘ። ንጉሠ ነገሥቱም በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ።

ወዳጅ ብሎ የሄደበት ቤት ወጥመድ ሆኖ ሲገኝ የሚያፍር ሰው ብዙ ነው። ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ ሰው በሁለት መንገድ ይሳሳታል፤ አንደኛው ጥፋቱን ሁሉ በሌላው ላይ መጫን ነው፤ ሁለተኛው ከእንግዲህ ወዲህ ማንንም አላምንም ብሎ ልብን መዝጋት ነው። መኰንን ራስ የሚለውን ማዕርግ የተቀበሉት ከዚያ ጉዞ ከተመለሱ በኋላ ነው፤ በሐረርም ሆነው ከውጭ መንግሥታት ጋራ መላላክን አልተዉም፤ ግን እያንዳንዱን ቃል መመርመርን ተማሩ። የኢጣልያ ጉዞ በዕድሜያቸው የመታለል ታሪክ ሆኖ አልቀረም፤ የጥንቃቄ ትምህርት ቤት ሆነ።

ሦስተኛው መታጠፊያ በቤታቸው ውስጥ የደረሰ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ የሚከብድ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ልጅ ተፈሪን ወለዱ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ዐረፉ። ራስ መኰንን በጦር ሜዳ የሚፈሩ፥ በአደባባይ የሚከበሩ ሰው ነበሩ፤ ሞት ግን በር ላይ ቆሞ ማዕርግ አይጠይቅም። የዚያ ቀን ትርጓሜ ምን እንደ ነበረ እርሳቸው ጽፈው አልተዉም፤ ከሥራቸው ግን ይታያል። እናት የሌለውን ሕፃን ለመምህራን ሰጥተው በጥንቃቄ አሳደጉት፤ የአገሩን ትምህርት ብቻ ሳይሆን የፈረንሳይኛንም ቋንቋ እንዲማር ዶክተር ቪታልያን የሚባሉትን ሐኪምና አባ ሳሙኤልን አስተማሪዎቹ አደረጉ። ኀዘን በሁለት ዓይነት ይኖራል፤ አንዱ እንደ ቆመ ውሃ ይሸታል፤ ሌላው እንደ ምንጭ ሆኖ ለሌላ ይተርፋል። የራስ መኰንን ኀዘን ለልጃቸው ትምህርት ሆነለት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የ1888 ዓ.ም. ዘመቻ መጣ። ራስ መኰንን የሐረርን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ተጓዙ። በቁልቢ ሲነገር የኖረው ታሪክ እንዲህ ነው፤ ራስ መኰንን ወደ ዘመቻው ሲሄዱ በዚያ ስፍራ ለቅዱስ ገብርኤል ተሳሉ፤ እግዚአብሔር በድልና በሰላም ቢመልሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩለት። በኅዳር ማለቂያ በአምባላጌ ላይ የፊተኛውን ጦር መርተው ተዋጉ፤ የጠላት አለቃ ማጆር ቶዜሊም በዚያ ወደቀ። ከዚያም በመቀሌ የኢጣልያ ጦር ከመሸገበት ምሽግ ተከበበ፤ ውሃውም ተያዘበት። በምሽጉ የነበሩት ወታደሮች በጥም ባለቁ ነበር፤ ነገር ግን በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ መሣሪያቸውን ይዘው በሰላም እንዲወጡ ተደረገ፤ በዚህም ድርድር ራስ መኰንን እጅ ነበራቸው። በመጨረሻ የካቲት 23 ቀን እሑድ በጊዮርጊስ ዕለት በዓድዋ ድል ሆነ።

ድል ለሰው ትልቅ ፈተና ነው። የተሸነፈ ሰው እግዚአብሔርን ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ያሸነፈ ሰው ግን መጠየቅን ይረሳል። ከዓድዋ የተመለሰ መኰንን ሁሉ ድሉን በጀግንነቱ ሊተርከው ይችል ነበር፤ ጀግንነቱም እውነት ነበረ። ራስ መኰንን ግን በተሳሉበት ስፍራ ቆመው ስእለታቸውን ፈጸሙ፤ በቁልቢ ለቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በዚህ ሥራ የዓድዋን ቀን ስም አወጡለት፤ ይህም ስም ውለታ የሚል ነው። ዓድዋ በእርሳቸው የሕይወት ታሪክ ውስጥ የተበደሩት እንጂ የገዙት ነገር ሆኖ አልተጻፈም። ሰው የተበደረውን በቃል ብቻ አይከፍልም፤ በድንጋይ፥ በእንጨትና በጕልበት ይከፍላል።

ስእለት ግን ከእግዚአብሔር ጋራ መገበያየት እንዳይመስል ልብ ማለት ይገባል። ከሐረር ወጥተው ከዓድዋ ያልተመለሱ ብዙዎች ነበሩ፤ እነርሱም በየቤታቸው የተሳሉና የጸለዩ ናቸው። የራስ መኰንን ስእለት ተሰማ፥ የእነርሱ አልተሰማም ማለት የክርስቲያን አነጋገር አይደለም። የተሳለው ሰው ተስፋውን በእግዚአብሔር እጅ ላይ አኖረ ማለት ነው እንጂ እግዚአብሔርን በውል አሰረ ማለት አይደለም። የስእለት ጥቅሙ በተሳለው ሰው ላይ ይታያል። ጥሩ ቀን ሲመጣለት ከራሱ ኃይል አድርጎ እንዳይቈጥረው ይከለክለዋል፤ ክፉ ቀን ሲመጣበትም ከአምላኩ ጋራ ያለውን ነገር እንዳይቈርጥ ይይዘዋል። ያልተመለሱትንም ቤተ ክርስቲያን በተዝካርና በጸሎት ስታስባቸው ትኖራለች፤ የእነርሱም ሞት ትርጓሜ በሚያስቡአቸው ሰዎች አደራ ላይ ነው።

ከዓድዋ በኋላ ራስ መኰንን ብዙ አላረፉም። ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ፤ ወደ ትግሬም ተልከው አገሩን አስተዳደሩ። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሲጭኑ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። በተወሰነው ቀን ንጉሡ ስለ ታመሙ በዓሉ ከሰኔ ወደ ነሐሴ ተላለፈ፤ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡት እንግዶች ሁሉ የታላቁ ንጉሥ ዘውድ በአንድ ሕመም እንደሚዘገይ አዩ።

በቀጠለው ዓመት፥ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከተራራው እግር ደረሰ። አስቀድሞ የታሰበው መንገዱ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን የተራራው ዳገት ብዙ ወጪና ብዙ ድካም ስለሚጠይቅ መሥመሩ በቆላው በኩል ቀረ። ባቡሩ በቆመበት ስፍራ አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፤ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስሙ ጸና። ከዚያ ወዲህ በግመልና በበቅሎ ወደ ሐረር ይወጣ የነበረው ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። ለሐረር ነጋዴ ያ ቀን የመጕደል ቀን ነበረ፤ ለድሬዳዋ የልደት ቀን ሆነ። የመሐንዲሶች የወጪ ሒሳብ የአንድ አገር ሕዝብ ኑሮ መታጠፊያ ሊሆን መቻሉ ከዚህ ይታወቃል። በድሬዳዋና በዙሪያዋ ካሉት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ የታሪካቸውን መጀመሪያ ከባቡሩ ጋራ አያይዘው ይተርካሉ፤ አያት በባቡር መጣ፥ አባት በባቡር ሥራ ገባ እያሉ።

በ1898 ዓ.ም. መጀመሪያ ራስ መኰንን ልጃቸውን ተፈሪን በ13 ዓመቱ ደጃዝማች አሰኝተው የጋራ ሙለታ ገዥ አደረጉት። እርሳቸው ራሳቸው በ14 ዓመታቸው ከአባታቸው ቤት ወጥተው ለንጉሥ እንደ ተሰጡ ያስታወሰ ሰው ይህን ነገር በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። በዚያው ዓመት በጥር ወር ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ጠሩአቸው ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመሩ። ቡርቃ ከሚባል ስፍራ በደረሱ ጊዜ ሕመም ጸናባቸው፤ ወደ ፊት መሄድ ስላልተቻላቸው ወደ ኋላ ተመልሰው ቁልቢ ገቡ። በዚያም መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ዕድሜያቸውም 53 ዓመት ነበረ። አስከሬናቸው ወደ ሐረር ተወስዶ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ከዓድዋ በድል ተመልሰው ስእለታቸውን በፈጸሙበት ስፍራ፥ ከ10 ዓመት በኋላ በሕመም ተይዘው ተኙበት። በመጀመሪያው ጊዜ ወደ ቁልቢ የመጡት ምስጋና ይዘው ነው፤ በመጨረሻው ጊዜ የመጡት ነፍሳቸውን ይዘው ነው። ሁለቱ ቀኖች ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መገናኘታቸውን እንደ አጋጣሚ የሚቈጥረው ይኖራል። ምእመን ግን እንዲህ ያስባል፤ በደስታው ቀን ቤት የሠራ ሰው በመከራው ቀን የሚገባበት ቤት አያጣም።

የራስ መኰንን ሞት ለኢትዮጵያ መንግሥትም መታጠፊያ ሆነ። ዐፄ ምኒልክ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፥ ከእርሳቸው በኋላ መንግሥቱን ለመያዝ የሚበቁ ራስ መኰንን ናቸው ተብሎ በብዙ ሰው ይታሰብ ነበር። ሞታቸው ያን አሳብ ሻረው፤ ንጉሠ ነገሥቱም በወንድማቸው ያህል ሰው ሞት እጅግ አዘኑ። የሐረር ግዛት በመጀመሪያ ለትልቁ ልጃቸው ለደጃዝማች ይልማ ተሰጠ፤ እርሳቸውም ብዙ ሳይቈዩ ሞቱ። ደጃዝማች ተፈሪ ወደ አባታቸው ወንበር የደረሱት በ1902 ዓ.ም. ነው። በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ መምህራቸው አባ ሳሙኤል ሲሞቱ እርሳቸው ተረፉ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ።

ልጁም በተራቸው ከመታጠፊያ ላይ ቆሙ። ጠላት ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፥ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በአባታቸው ዘመን ከተራራው እግር የደረሰው ሐዲድ ልጁን ወደ ስደት አወጣቸው። በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ተቀምጠው ሳሉ የሕይወታቸውን ታሪክ ሊጽፉ ጀመሩ። ሰው የዕድሜውን ታሪክ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው፤ መንገድ የተዘጋበት፥ ወደ ፊት የሚታይ ነገር የሌለበት ሰው ወደ ኋላ ይመለከታል። በዚያ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይም ስለ አባታቸው ጻፉ። በ1933 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኋላም በዘመነ መንግሥታቸው በቁልቢ አሁን የሚታየውን ታላቅ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። አባት የጀመሩትን ስእለት ልጅ ጨመሩበት። ዘውድና ማዕርግ በ1967 ዓ.ም. አለፈ፤ ወደ ቁልቢ የሚሄደው ሕዝብ ግን አልቀረም።

ይህም ሕዝብ ምን ይዞ ይሄዳል። ጧፍ የሚይዝ አለ፤ ጃንጥላ የሚያስገባ አለ፤ ልጅ አጥታ ኖራ የወለደች እናት ሕፃኗን ታቅፋ ታስጠምቃለች፤ ከደዌ የተነሣ ሰው ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። እያንዳንዱ በልቡ የያዘው አንድ ቀን አለው፤ ኑሮው ወዲያና ወዲህ የተከፈለበት ቀን። ሌላው ሰው የሚያየው ጧፍና ጃንጥላ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ግን ያ ነገር ያለፈውን ዘመኑን ከአሁኑ የሚያስርለት ገመድ ነው። ራስ መኰንን በትልቅ ሕንፃ ያደረጉትን እርሱ በአንዲት ጧፍ ያደርገዋል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

ከዚህ የሕይወት ታሪክ ለምእመናን የሚቀረው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፥ በመታጠፊያው ላይ የቆመ ሰው ነገሩ አለቀ ብሎ አይፍረድ፤ የ14 ዓመቱን ልጅ መለየት፥ የውጫሌን ነገር፥ የሚስትን ሞት በዚያው ቀን የፈረደ ሰው ሁሉ ተሳስቶ ነበር። ሁለተኛ፥ የራሱን ድል ሲተርክ በዚያው ቀን ያለቀሰውን ሰው አይርሳ፤ ጨለንቆና ቁልቢ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ ወደ አንዱ የሚሄድ ሰው ሌላውን ያስታውስ። ሦስተኛ፥ ያለፈውን ቀን በቃል ብቻ አይተርጕመው፤ በሥራ ይተርጕመው። ይቅርታ ያደረገ ሰው የጠብን ቀን ተረጐመ፤ ወላጅ የሌለውን ልጅ ያሳደገ ሰው የሞትን ቀን ተረጐመ፤ የተሳለውን የከፈለ ሰው የድልን ቀን ተረጐመ።

አንድ ደብር የኢዮቤልዩ በዓሉን ሲያከብርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ዓመታትን መቍጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ መቍጠሪያ ይበቃው ነበር። ነገር ግን ካህናቱ በዓመታቱ ውስጥ የተቀበሩትን፥ የተጠመቁትንና የተጋቡትን በጸሎት ያስባሉ፤ ምእመናኑም ድርቅ የሆነበትን ዓመት፥ ጐርፍ የወሰደውን፥ ሰላም የሆነበትን እያነሡ ይተርካሉ። በቢዮ አዋሌ ያሉ ሽማግሎች ይህን ለልጆቻቸው ሲነግሩ ጕድለቱን ሳይደብቁ፥ ምስጋናውንም ሳያሳንሱ ይንገሩአቸው፤ ጎረቤቶቻቸው የሆኑት እስላሞችም በዚያ ዘመን አብረው የተካፈሉትን ደስታና መከራ ይጨምሩበት። ልጆቹ የራሳቸው መታጠፊያ ላይ በደረሱ ጊዜ አባቶቻቸው ከዚህ በፊት በእንዲህ ያለ ስፍራ ቆመው ምን እንዳደረጉ ያውቁ ዘንድ ነው።

እግዚአብሔር አምላክ የልዑል ራስ መኰንንን ነፍስ፥ በዚያ ዘመን በየወገኑ የወደቁትንም ሁሉ በቸርነቱ ያስብ፤ የተሳለው እንዲከፍል፥ ያዘነው እንዲጽናና፥ የተጣላው እንዲታረቅ ያድርግ፤ ቅዱስ ገብርኤልም ሦስቱን ሕፃናት ከእሳት እንዳወጣ ይህን ሕዝብ ከመከራ ሁሉ ይጠብቅ። አሜን።